ፈርሱ፣ ደሙና እሳቱ
በቅበላ ማታ የተደረገ ምልልስ

የዘወረደ እሑድ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንዲት ሌሊት ብቻ በቀረችበት ማታ፣ ከከተማችን ቄራ በስተታች ካለችው ደብር አጠገብ በየኔታ ቤት ተቀምጬ ነበር። ለቅበላ የታረደው ከብት ብዙ ስለ ነበር ጠረኑ እስከ ወንዙ ዳር ደርሶ፣ መስኮቱን ዘግተን በፋኖስ ብርሃን እንጨዋወት ነበር። ከቄራው ግቢ በታች በድንጋይና በሲሚንቶ ታንጾ ያለቀው፣ ጣራው እንደ ጉልላት የተደፋው የባዮጋዝ ማብላያ ጉድጓድ ገና አልተሞላም፤ የሰፈሩም ሽማግሌዎች ነገሩን መርምረው እንዲያስረዷቸው የኔታን ስለ ለመኗቸው፣ ሥራውን የሚመራው ወጣት መሐንዲስ በዚያ ማታ ተጠርቶ መጣ። መሐንዲሱ በልጅነቱ ከየኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ፣ ኋላም በስዊድን አገር በሊንሾፒንግ ከተማ ትምህርቱን ፈጽሞ የተመለሰ ነው። የተባባሉትን እንደ ሰማሁት እጽፈዋለሁ።

የኔታ፦ ና ልጄ፣ ተቀመጥ። ነገ የምንጾም ሰዎች ዛሬ ስለ ሥጋ ብንነጋገር የሚያስነቅፍ አይደለም። ሥጋውን ሰው ወስዶታል፤ ቆዳውን ነጋዴ ወስዶታል፤ የቀረውን ግን ወንዙ ሲወስደው በየሳምንቱ በዓይኔ አያለሁ፤ ከታች ወርደው ልብስ የሚያጥቡት ሴቶችም ያዩታል። አሁን አንተ ያንን የቀረውን በጉድጓድ ከትቼ እሳት አወጣበታለሁ ብለሃል አሉ። እውነት ነውን?

መሐንዲሱ፦ እውነት ነው፣ የኔታ። ከአንድ በሬ ሥጋና ቆዳ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ጥቂት እንዳይመስልዎ፤ ፈርሱ ብቻውን 40 ኪሎ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ደሙ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይሆናል፤ አንጀቱ፣ ከአንጀቱ ላይ የሚፋቀው ሞራ፣ ሰኮናው፣ ቀንዱና አጥንቱ ሲጨመርበት፣ በሬው በእግሩ ሲቆም ከነበረው ክብደት ሲሶው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ለማዕድ የማይቀርብ ነው። ይህም ሁሉ አስቀድሞ ሣር ነበር፤ ሣሩም ከፀሐይ ብርሃን የተቀበለውን ኃይል ይዞ የበቀለ ነው፤ እኛ ሥጋውን ስለ በላን ኃይሉ ከቅሪቱ ተሟጦ አልወጣም።

የኔታ፦ እንግዲያው ከሥርዓቱ ጀምርልኝ። ፈርስ በጉድጓድ ቢከተት እንደሚበሰብስ ሕፃንም ያውቀዋል፤ ብስባሽ ነበልባልን እንዴት እንደሚወልድ ግን አልተረዳሁትም።

መሐንዲሱ፦ አየር በማይገባበት ቦታ የሚሠሩ ረቂቃን ፍጥረታት አሉ፤ ዓይን አያያቸውም፣ ሥራቸው ግን ይታያል። እንጀራ የምትጋግር ሴት እርሾውን ከሊጡ ጋር ስታዋሕደው ሊጡን የሚያቦኩት እነማን እንደ ሆኑ አታያቸውም፤ ነገር ግን ቡኮው ኩፍ ሲል ሥራቸውን ታውቃለች። በጉድጓዱም እንዲሁ፣ ፊተኞቹ ስቡን፣ ደሙንና ሣሩን ሰባብረው ያሟሙታል፤ ተከታዮቻቸው የሟሟውን ወደ ኮምጣጣ ይለውጡታል፤ ኋለኞቹ ደግሞ ያንን ኮምጣጣ ተመግበው ሚቴን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ይተነፍሳሉ። ማደሪያቸው ረግረግ፣ የባሕር ወለልና የከብት ጨጓራ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1776 ጣልያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በማጆሬ ሐይቅ ዳር የረግረጉን ጭቃ በዱላ እየቆሰቆሰ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ በእሳት ያቀጣጠለው የእነዚህን ፍጥረታት እስትንፋስ ነበር። በሬው በሕይወቱ ሳለ ሣሩን የሚያብላላው በእነርሱ ረድኤት ነው፤ ስለዚህ እኛ ያነጽነው ጉድጓድ የበሬው ጨጓራ በድንጋይ ቢሠራ እንደ ማለት ነው። ሙቀቱም እንደ በሬው ሆድ 38 ዲግሪ ገደማ ሆኖ፣ የገባበት ነገር ሠላሳ ቀን ያህል እንዲቆይ ይወድዳል።

የኔታ፦ አሁን ገባኝ። ሊቃውንቶቻችን ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተዋቀረ ያስተምሩናል፤ ሲፈርስም እያንዳንዱ ወደ ወገኑ ይመለሳል። አንተ በነገርኸኝ ጉድጓድ ነፋሱ ከጣራው ሥር ይሰበሰባል፤ እሳቱ በነፋሱ ውስጥ ተሠውሮ ይቆያል፤ ውሃውና መሬቱ ከታች ይወጣል። ይኸው መለያየት በሜዳም ይሆናል፤ በሜዳ ግን ሰብሳቢ የለውም።

መሐንዲሱ፦ ጉዳቱም ሰብሳቢ የማጣቱ ነገር ነው። በሜዳ ተቆልሎ ውስጡ አየር ያጣ ፈርስ ያንኑ ሚቴን ወደ ሰማይ ይለቅቀዋል፤ ሚቴንም በመቶ ዓመት ሒሳብ ሲመዘን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ የሚሆን ሙቀት በምድር ላይ ያግታል። 1 ኪሎ ሚቴን ሳይነድ ቢለቀቅ 28 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ጉዳት ያደርሳል፤ ቢነድ ግን የሚወጣው 2.75 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ብቻ ነው። ያም ካርቦን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሣሩ ከአየር የወሰደው እንጂ፣ እንደ ናፍጣ ከምድር ጥልቅ ተቀድቶ የመጣ እንግዳ አይደለም። እንግዲህ እሳቱ ባይጠቅመን እንኳ ማንደዱ ብቻውን ጉዳቱን ወደ አሥር እጅ አንድ ያወርደዋል።

የኔታ፦ ከቅሪቱ ሁሉ ለእሳቱ የሚበልጠው የትኛው ነው?

መሐንዲሱ፦ ስቡ ነው። 1 ኪሎ ንጹሕ ስብ ፈጽሞ ቢብላላ 1000 ሊትር ያህል ሚቴን ይሰጣል፤ እንደ ደምና ሥጋ ያለው የዚያን እኩሌታ፣ እንደ ሣርና እህል ያለው ከዚያም ያነሰ ይሰጣል።

የኔታ፦ ይህ ድንቅ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ሆድ ዕቃውን የሚሸፍነው ስብ፣ በኩላሊቶችም ላይ ያለው ሞራ ለሰው እንዳይሆን ተለይቶ በመሠዊያው እሳት ላይ እንዲቀርብ ታዝዞ እናነባለን። ምሥጢሩ ሌላ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ኃይለ እሳትን በስብ ውስጥ ያኖረውን አምላክ ግን ከአንተ ቃል በኋላ ይልቁን አመሰግናለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ ስለ ኃጢአት የሚቀርበው ወይፈን ቁርበቱ፣ ሆድ ዕቃውና ፈርሱ ከሰፈር ወደ ውጭ ተወስዶ አመድ በሚፈስስበት ስፍራ እንዲቃጠል ሲያዝዝ፣ ያ ስፍራ ንጹሕ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን አንቀጽ ስንት ዓመት አስተማርሁት! የመሥዋዕቱ ቅሪት የሚጣልበት ቦታ እንኳ ንጹሕ ይሁን ሲባል፣ እኛ ለቅሪታችን ወንዝ መረጥን።

መሐንዲሱ፦ ስለ ስቡ አንድ ነገር ልጨምር፣ የኔታ። ብዙ ስለሚሰጥ ብዙ ቢጨምሩበት ጉድጓዱ ይታመማል፤ ስቡ በረቂቃኑ ፍጥረታት ላይ ተለጥፎ ያፍናቸዋል፤ አረፋም ይነሣና ቧንቧውን ይደፍናል። ደሙም ሲበዛ ከውስጡ አሞኒያ ወጥቶ ይመርዛቸዋል። ስለዚህ ማብላያ እንደ ሕፃን ነው፤ በእበትና በፈርስ ጥቂት በጥቂት ጠንክሮ ካደገ በኋላ ነው ጠንካራውን ምግብ የሚለምደው።

የኔታ፦ ደሙን ካነሣህ ልጠይቅህ፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይልቁን ያስጨነቃቸው እርሱ ነው። የእንስሳ ነፍስ በደሙ እንደ ሆነች፣ ደሙም ፈስሶ በአፈር እንዲሸፈን ከሕግ ተምረናል። ደምን በጉድጓድ አከማችቶ ለሥራ ማዋል ድፍረት አይሆንምን?

መሐንዲሱ፦ በዚህ ነገር ከእርስዎ ፊት አፌን ልከፍት አይገባኝም፤ የማውቀውን ብቻ ልናገር። ዛሬ የቄራው ደም በአፈር አይሸፈንም፤ በቦይ ወርዶ ወደ ውሃው ይገባል፤ በውሃውም ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል። በጉድጓዱ ግን ሠላሳ ቀን ተብላልቶ ሲወጣ ደም መሆኑ ቀርቶ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይሆናል፤ በደሙ የነበረው ናይትሮጅን አብዛኛው ሳይጠፋ በእርሻ ላይ ይፈስሳል፤ ገበሬውም በማረሻው ከአፈር ጋር ይቀላቅለዋል።

የኔታ፦ እንግዲያው አፈር የሚለብሰው አሁን ነው ማለት ነው። ቀጥል፤ ስለ በሽታ ደግሞ ንገረኝ። በቄራ የሚጣለው ሁሉ የጤነኛ ከብት አይደለም።

መሐንዲሱ፦ በዚህ ረገድ አውሮፓውያን በመከራ ተምረዋል። የሥጋና የአጥንት ቅሪት ቀቅለውና ፈጭተው ዱቄት እያደረጉ ለዚያው ለከብት ይመግቡት ነበር፤ እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1986 በእንግሊዝ አገር የእብድ ላም በሽታ ታወቀ፤ ከብት አንጎሉ እየተሸነቆረ ሲወድቅ ታየ፤ በ1996 ደግሞ በሽታው ወደ ሰው ሳይሻገር እንዳልቀረ የእንግሊዝ መንግሥት ተናገረ።

የኔታ፦ ሣር ይበላ ዘንድ የተፈጠረውን በሬ የወንድሙን ሥጋ አበሉት?

መሐንዲሱ፦ አበሉት፣ የኔታ። በ2001 ያ ዱቄት ለእርባታ እንስሳት ሁሉ እንዳይሰጥ በአውሮፓ ኅብረት ተከለከለ፤ የተከማቸውም ዱቄት ከድንጋይ ከሰል ሁለት ሦስተኛ የሚሆን ሙቀት ስለ ነበረው በኤሌክትሪክ ማመንጫና በሲሚንቶ ፋብሪካ እሳት ይቃጠል ጀመር። ከዚህ በኋላ የወጣው ሕጋቸው ቅሪቱን በሦስት ይከፍለዋል። እንዲህ ባለ በሽታ የተጠረጠረው ይቃጠላል፤ ከሁለተኛው መደብ አብዛኛው በ133 ዲግሪ ሙቀትና በ3 ባር ግፊት 20 ደቂቃ ሳይቀቀል ወደ ማብላያ አይገባም፤ ሰው ሊበላው ይችል የነበረው ግን ያልተፈለገው ደቅቆ በ70 ዲግሪ አንድ ሰዓት መቆየት ይበቃዋል። እኛም ይህን እንጠብቃለን። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ግን በምንም መንገድ ወደ ጉድጓዱ አይቀርብም፤ የዚያ በሽታ ዘር በ70 ዲግሪ አይሞትምና።

የኔታ፦ ይህን ለሽማግሌዎቹ አስረግጬ እነግራቸዋለሁ። ጉድጓዱ ይፈነዳል የሚሉም አሉ።

መሐንዲሱ፦ ሚቴን ብቻውን አይፈነዳም፤ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከመቶ እጅ ከ5 እስከ 15 ሲደርስ ግን እሳት ቢነካው ይፈነዳል። ስለዚህ ጣራው ሽንቁር እንዳይኖረው ይጠበቃል፤ በአጠገቡ እሳት አይጫርም፤ ከሁሉም በላይ ሰው ለጽዳት ብሎ ወደ ውስጥ አይወርድም፤ በውስጡ ያለው አየር በአንድ እስትንፋስ ይጥላልና። አጥር ይታጠራል፣ ጠባቂም ይቆማል።

የኔታ፦ በተማርህበት አገር ይህ ሥራ በርግጥ ተሠርቶ አይተሃልን? ወይስ በመጽሐፍ ብቻ ነው?

መሐንዲሱ፦ በየቀኑ እሳፈርበት ነበር። እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሊንሾፒንግ ሰዎች በመሐል ከተማቸው የሚመላለሱት አውቶቡሶች በሚለቅቁት የናፍጣ ጢስ ተማርረው ነበር፤ በዚያችው ከተማ ታላቅ ቄራ ነበረ፤ በዙሪያዋም ሰፊ እርሻ አለ። ከዚህ የተነሣ የከተማው አገልግሎት ድርጅት፣ የቄራው ባለቤቶችና የገበሬዎቹ ማኅበር አንድነት ፈጥረው በ1997 ማብላያውን ሥራ አስጀመሩ። ጋዙ ሲወጣ ከመቶ ስድሳ እጅ ያህሉ ሚቴን ሲሆን የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በግፊት በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ይወስድና፣ ለሞተር የሚበቃ ጥሩ ነዳጅ ይቀራል። በ2002 ከ60 በላይ የሆኑት የከተማይቱ አውቶቡሶች በዚህ ነዳጅ ይሄዱ ነበር፤ በ2005 ደግሞ የናፍጣ ሞተሯ ወጥቶ ሁለት የአውቶቡስ ጋዝ ሞተር የተተከለባት አማንዳ የምትባል ባቡር ከሊንሾፒንግ ወደ ቬስተርቪክ መሄድ ጀመረች። አንዴ ከተሞላች 600 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች ይባል ነበር። የአንዲት ላም ቅሪትም ባቡሯን 4 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚወስዳት ሒሳቡ ተነግሯል። ባቡሯ በዓለም ዘንድ ስም አወጣች፤ ከተማይቱን ያገለገሉት ግን እነዚያ ስም የሌላቸው አውቶቡሶች ናቸው። ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭም ወደ ገበሬዎቹ ማሳ ይሄዳል።

የኔታ፦ አራት ኪሎ ሜትር። የአንዲት ነፍስ ቅሪት አራት ኪሎ ሜትር።

የኔታ ይህን ብለው ጥቂት ዝም አሉ። መሐንዲሱም ዝምታቸውን አላቋረጠም።

የኔታ፦ ይህን የምጠይቅህ ልፈትንህ ብዬ አይደለም። በዚህ ሥራ ሥጋ የሚበላ ሰው በምድር ላይ ካደረሰው በደል ይነጻልን? ነጋዴ ሥጋዬ ጢስ የለበትም፣ እነሆ ጉድጓድ አለኝ ብሎ ቢያውጅ እውነቱን ነውን?

መሐንዲሱ፦ እውነቱን አይደለም፤ እኔም እንዲህ ሲባል ስሰማ አዝናለሁ። በሬው ሣር ሲያመሰኳ ከአፉ ሚቴን ይወጣል፤ የአፍሪካ ከብት በዓመት ወደ 31 ኪሎ እንደሚያወጣ የዓለም ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ለሒሳብ ገምተው ነበር፤ አምስት ዓመት የኖረ በሬ እንግዲህ ከ150 ኪሎ በላይ ለቅቆ ወደ ቄራ ይመጣል። ከታረደ በኋላ ከቅሪቱ የምንሰበስበው ከዚያ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም። የምናድነው የበሬውን ዕድሜ ሁሉ ሳይሆን የመጨረሻይቱን ዕዳ ነው። የካርቦን አሻራ የሚሉትን የሚያሰላ ሰው ይህን ለይቶ ይጻፍ። ደግሞም ጉድጓዱ ሽንቁር ቢኖረውና ከ100 ኪሎ ሚቴን 10 ኪሎው ቢያመልጥ፣ ያመለጠው ብቻውን 280 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል ይጎዳል፤ ያልተጠበቀ ማብላያ የተመካበትን ነገር ያፈርሰዋል ማለት ነው። በአገራችንም ለቤት ከተሠሩት የእበት ጉድጓዶች ጥቂት የማይባሉት ጠጋኝ አጥተው ቆመዋል።

የኔታ፦ በአገራችን ይህ ጥበብ ከመቼ ጀምሮ ነው?

መሐንዲሱ፦ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ኮሌጅ የመጀመሪያው ተሠርቶ፣ ጋዙ የእርሻ መሣሪያ ለመበየድ አገልግሎ ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በብሔራዊ ፕሮግራም በብዙ ሺህ የሚቆጠር የገበሬ ቤት በላሞቹ እበት እንዲያበስል ተደርጓል። የቄራ ቅሪት ግን ገና ብዙ አልተነካም።

የኔታ፦ አንተስ እሳቱን ለምን ልታውለው ነው? ለአውቶቡስ?

መሐንዲሱ፦ አይደለም። ስዊድን ለአውቶቡስ ስላዋለችው እኛም ለአውቶቡስ ማለት መቅዳት ይሆናል። የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ጋዝ መብራት ብናወጣ የምንተካው ከሰል የለም። የቄራው ትልቁ ችግር ሙቅ ውሃ ነው፤ ቢላዋው ከበሬ ወደ በሬ ሲተላለፍ በ82 ዲግሪ ውሃ መነከር አለበት፣ ወለሉም በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ይህን ውሃ የሚያፈላው ዛሬ የማገዶ እንጨትና ናፍጣ ነው። እንግዲህ የበሬው ቅሪት የራሱን መታረጃ ያጥባል፤ የተረፈው ጋዝ ጉድጓዱን ያሞቃል፤ ከዚያም የሚተርፍ ቢኖር ለአጎራባቹ ትምህርት ቤት ማብሰያ ይሆናል።

የኔታ፦ አሁን የማነሣው ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ ከሰፈር ነው። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ 55 ቀን ቄራው ጸጥ ይላል፤ የሚያርደው የሙስሊሙ ወገናችን ድርሻ ብቻ ይሆናል። ከዚያም የፋሲካ ዋዜማ የሁለት ወር የሚያህል በሬ በአንድ ሌሊት ይወድቃል። እነዚያ ረቂቃን ፍጥረታትህ በጾሙ ምን ይበላሉ? በፋሲካስ እንዴት አይታመሙም?

መሐንዲሱ፦ የኔታ፣ ይህን ጥያቄ በስዊድን ማንም አልጠየቀኝም፤ ብቻዬን ሆኜ ግን እንቅልፍ ያጣሁበት ነው። ማብላያ ሁለት ወር ቢራብ ሕይወቱ ይደክማል፤ ደክሞ ሳለም ስብና ደም ቢጫንበት ይሞታል። በጾሙ ጊዜ የገበያውን የአትክልት ቅሪት፣ የጠላ ቤቱን አተላ፣ ከሁሉም በላይ የላም እበት ሊያገኝ ይገባዋል፤ የፋሲካውም ቅሪት በአንድ ቀን ሳይሆን በሌላ ጉድጓድ ተከማችቶ በየቀኑ እየተመጠነ ይሰጠዋል። እበቱን ግን ከማን አመጣለሁ? ያለው በየገበሬው ደጅ ነው፤ ገበሬውም ኩበት አድርጎ ያነድደዋል።

የኔታ፦ ቅድም ስለዚያች ከተማ ስትናገር ከተማው፣ ቄራውና ገበሬው አንድነት ፈጠሩ አልኸኝ። የእኛ ጉድጓድ ባለቤቶች እነማን ናቸው?

መሐንዲሱ፦ ማዘጋጃ ቤቱና ቄራው ናቸው።

የኔታ፦ ገበሬውስ?

መሐንዲሱ፦ ገበሬውን አልጠራነውም፣ የኔታ። ዝቃጩን ኋላ ወስደን እንሰጠዋለን ብለን ነበር።

የኔታ፦ ጥፋታችሁ ይህ ነው። ኋላ ወስዳችሁ የምትሰጡትን ነገር ጠርጥሮ አይቀበላችሁም፤ ከመጀመሪያው እበቱን ያስገባ ሰው ግን የራሱን መልሶ እንደሚወስድ ያውቃል። አሁን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ይህ ጉድጓድ ከእበት ሌላ ምንም ሳይገባበት ቢጀመር መጥፎ ነውን?

መሐንዲሱ፦ ከዚያ የተሻለ አጀማመር የለም። አዲስ ማብላያ ሁሉ በእበት ነው የሚጀመረው፤ ብርዱ ካልበረታ እስከ ደብረ ዘይት እሑድ ነበልባል ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ፈርስ እየተጨመረ ቢጠነክር፣ በፋሲካ ሳምንት ስቡንና ደሙን ጥቂት በጥቂት ሊቀበል ይበቃል። እኔ ግን ቄራው በሙሉ ኃይሉ እስኪሠራ ጾሙ ይለፍ ብዬ ልጠብቅ ነበር።

የኔታ፦ አትጠብቅ። ነገ ጠዋት ከኪዳን በኋላ የአጥቢያውን ገበሬዎች ከዋርካው ሥር እሰበስባቸዋለሁ፤ አንተም መጥተህ ለእኔ የነገርኸኝን ንገራቸው፤ ስለ አባ ሰንጋው አትርሳ። ለአንድ ቅርጫት እበት ምን ያህል ዝቃጭ እንደሚመለስላቸው፣ ለሰኔ ዘርም ይደርስ እንደ ሆነ ይጠይቁሃል፤ መልሱን አስበህ ና። ለመጀመር ስንት ቅርጫት ያስፈልግሃል?

መሐንዲሱ ከደረት ኪሱ እርሳስና ወረቀት አውጥቶ፣ ወደ ፋኖሱ ጠጋ ብሎ ያሰላ ጀመር።